ሃምሳ አራት ቁጥር

«ከገዛ ወንድሟ እኮ ሠላሳ ሺህ ልታተርፍ ነበር!»

ይህን የሰማሁት የመፍቻ ሣጥኔን ተሸክሜ እናቴ ደጃፍ ላይ ስደርስ ነው። ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ትንፋሼ እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ተናጋሪዋ የወንድሜ ሚስት ናት፤ በስልክ ነው የምታወራው፤ ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም። «አይ፣ ኦንላይን ነው ያዘዝነው። ስድሳ አንድ ሺህ ብቻ። እሷ ሱቅ ዘጠና ሁለት ተለጥፎበታል። ያው አንድ ዓይነት ብስክሌት! እኔ ባዳዋ እንኳ መድኃኒት ቤቴ ለሚመጣ ዘመድ ቅናሽ አደርጋለሁ፤ እህት ተብላ!» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም። ብስክሌት የምትሸጠው ያቺ እህት እኔ ነኝ። ወደመጣሁበት ልመለስ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ እንዳሳረፍኩ የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት ከታች አይታኝ «እንደምን አደርሽ የብስክሌቷ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ መመለስ አልተቻለም።

ጠዋት እናቴ ደውላ «መፍቻሽን ይዘሽ ብቅ በይ፤ የሚገጣጠም ነገር አለ» ስትለኝ የአልጋዋ እግር መስሎኝ ነበር። ያ አልጋ በዓመት ሁለቴ ይወላገዳል። ያለችኝ የዕረፍት ቀን እሑድ ብቻ ናት፤ ለእናት ነው ብዬ የሥራ ሱሪዬን እንኳ ሳልቀይር ወጣሁ። ስገባ ሳሎኑ ሌላ ሆኗል። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ መሐል ወለሉ ላይ ሰው የሚያስተኛ ካርቶን ጋደም ብሏል። ወንድሜ ከጎኑ ቆሞ እጁን ኪሱ ይከትታል፣ ያወጣል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ መድን ድርጅት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ክራባት አስሮ ሰው ሲቆጣ ይውላል፤ እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። ሚስቱ ስልኳን ቶሎ ዘጋችና «እትዬ፣ ደኅና አደሩ? ይቀመጡ» አለችኝ። እኛ ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአንቱ አልወረደችልኝም። ስለ ጤና ተጠያየቅን። ስለ ውሃው መጥፋት አወራን። ስለ ደረጃው መብራት አወራን። ሻይ መጣ፣ ብስኩት መጣ። አራታችንም ካርቶኑን እንዳላየ ሰው እግራችንን ሰብስበን ዙሪያውን ተቀመጥን። እናቴ ብስኩቱን ሦስት ጊዜ «ብዪ እንጂ» አለችኝ፤ እናቴ ሦስት ጊዜ ብዪ ያለችበት ቀን ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ማሙሽ ጉሮሮውን ጠረገና «እትዬ፣ ያው… እንዳትቀየሚኝ» አለ። «ዋጋው በጣም ስለተራራቀ ነው። ልነግርሽ ነበር።»

ዓይኔ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችውን ቢጫ ካርድ አየ። የእኔ ካርድ ናት፣ በእኔ እጅ የተጻፈች። ሱቄ የሚመጣን ሰው ሁሉ ብስክሌት ከማሳየቴ በፊት እለካለሁ። ጫማ አስወልቄ፣ ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግቼ፣ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጭኖቹ መሐል አስይዤ፣ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለል። ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ ወገብ እስከ ትከሻ። ሰው ራሱን ያውቃል እንጂ እግሩን አያውቅም፤ ረጅም ነኝ ብሎ የሚመጣው ሁሉ ትልቅ ብስክሌት ይመርጥና በወሩ ወገቤን ይላል። ማሙሽን ከአንድ ወር በፊት ስለካው እንደ ልጅነቱ ኮርኩሮት ሲስቅ ነበር። ሰማንያ ሦስት ሳንቲሜትር ብዬ ጻፍኩ። የኮርቻው ከፍታ ሰባ ሦስት። ከሥሩ ደግሞ ለራሴ ማስታወሻ «ማሙሽ፣ ሃምሳ አራት ቁጥር፤ ሃምሳ ስድስት ቢለምንሽም እንዳትሰጪው» ብዬ ነበር። ይቺን ካርድ መቼ ከመሳቢያዬ እንደወሰዳት አላውቅም። ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ እየመጣ የማሳያዬን ብስክሌት አደባባዩን ሲያዞራት፣ ኮርቻዋን ዝቅ ከፍ ሳደርግለት፣ መሪዋን ሳቀርብለት ነበር፤ በዚያ መሐል ይሆናል። ለካ የእኔ ሱቅ የልብስ መለኪያ ክፍል ኖሯል።

«መቼ መጣ?» አልኩት።

«ሰሞኑን ነው» አለ ማሙሽ።

«አሥር ቀኑ» አለች እናቴ፤ ውሸት ስለማትችል ሳይሆን መቁጠር ስለምትወድ ነው። «እኔ ጋ ነው የተቀመጠው። መኝታ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ። አንቺ እንዳይከፋሽ ብለን እንዴት እንደምንነግርሽ ስንማከር ነው የቆየው።»

በእነዚያ አሥር ቀናት ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። አንድ ጊዜ እናቴን ራሷን ሲያማት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ግንባሯን ይዤላታለሁ፤ ካርቶኑ ከጀርባዬ አንድ ክንድ ላይ ነበር ማለት ነው። «የማሙሽን ብስክሌት አስቀምጬለታለሁ፣ ደመወዙን እየጠበቀ ነው» ስላት «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ነበር ያለችኝ። በእነዚያው አሥር ቀናት አንድ የጥርስ ሐኪም ሱቄ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ቁመቱ ልክ የማሙሽ ነው፤ ሃምሳ አራቷን አይቶ ልቡ ጠፍቷል። «ተይዛለች፣ የወንድሜ ናት» ብዬ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው እንደ መሳቅ ብሎ «ወንድምዎ ዕድለኛ ነው» አለኝና ሄደ፤ አልተመለሰም። በዚህ ዓመት ከሸጥኩት ውድ ብስክሌት ያቺ ሦስተኛዋ ትሆን ነበር።

አሁን እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ እዚያ ቤት አልተናገርኩትም። ከዘጠና ሁለቱ ሺህ ለእኔ የሚተርፈኝ ሰባት ሺህ ብቻ ነው። የቀረው የአስመጪው ነው፣ የቀረጥ ነው፣ የሱቅ ኪራይ ነው። ያንን ሰባት ሺህ ደግሞ ለማሙሽ ልተውለት ወስኜ ነበር። ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ቆጥሬ ሰባቱን ወደ ኪሱ ልመልስለት፣ ፊቱን ላየው ነበር ያማረኝ። ቀድሜ አልነገርኩትም፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ደስታን ቋጥሬ ማቆየት እወዳለሁ፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ነገር እጄ ላይ ተበላሽቷል። ያን ዕለት ሳሎኑ ውስጥ «ልተውልህ ነበር እኮ» ብል ማን ያምነኛል? ፋርማሲስቷ በስልኳ የምትስቅበት ሌላ ወሬ ማቀበል ነው። ስለዚህ ሻዬን ጨርሼ እጅጌዬን ጠቀለልኩና «በሉ መቀስ ስጡኝ» አልኩ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሱ። እናቴ መረቀችኝ። ማሙሽ ሊያግዘኝ ተንበረከከ፤ እንደ ድሮው ብሎኖቹን በሳሕን ላይ በየዓይነቱ ደረደረልኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ከከተማ ወጥተው እንደሚጋልቡ ይነግረኛል፤ ዳገቱን ወጥተው፣ ከላይ ቡና ቢጤ ጠጥተው፣ ያንን ረጅም ቁልቁለት እስከ ወንዙ ድልድይ ይለቁታል። ሥራ አስኪያጁም አለ። «በሰዓት ስድሳ ይገባል አሉ፣ እትዬ» ይላል፤ ዓይኑ ያበራል። ይህን ልጅ ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ።

ብስክሌቷ በእርግጥም ያቺው ናት። ቀለሟ ብቻ ይለያል። ከስፖንጁ ሳወጣት ግን አንድ ነገር አልጣመኝም። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ሁለት እግር አለው፤ ጎማው ተፈትቶ ሲታሸግ በሁለቱ እግሮች መሐል አንዲት የፕላስቲክ መደገፊያ ትገባለች፤ ካርቶኑ ሲወድቅ ሹካው እንዳይጨፈለቅ። ዋጋዋ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም። የለችም። ካርቶኑን ገለበጥኩ፤ በሹካው በኩል ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ፣ ላዩ በፕላስተር ተሸፍኗል። ብስክሌቷን ወደ መስኮቱ ወስጄ ሹካውን በጥፍሬ ዳሰስኩት። በግራው እግር፣ ከላይ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ሳንቲም አውጥቼ ቀኙን አንኳኳሁ፤ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ግራውን አንኳኳሁ፤ እርጥብ እንጨት። «ጥጥ አለሽ?» አልኳት የወንድሜን ሚስት። ከቦርሳዋ ፊቷን የምትጠርግበትን ጥጥ ሰጠችኝ። በመስመሯ ላይ ቀስ አድርጌ ሳንሸራትተው ክሩ ተያዘና ቀረ። ሹካው ካርቦን ነው፤ ካርቦን ሲሰነጠቅ ስንጥሩ እንደዚህ ጥጥ ይይዛል። ብረት ቢሆን ይጎብጥ ነበር፤ ካርቦን ግን አያስጠነቅቅም፣ እስከሚያስችለው ችሎ በአንድ ጊዜ ነው የሚለቀው።

«ማሙሽ፣ ይሄ ሹካ ተሰንጥቋል» አልኩ። «በዚህ አትጋልብም።»

እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ባሌ ጥሎኝ መሄዱን የነገርኳቸው ቀን። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱ ነካው። «ጭረት ነው እኮ» አለ። ሳንቲሙን አንኳኳሁለት። «እኔ ልዩነቱ አይሰማኝም» አለ። ጥጡን አሳየሁት። «ቀለሙ ተልጦ ይሆናል» አለ። ሚስቱን አየ፤ እሷ ደግሞ ኮርኒሱን ታያለች። ሰው የማይፈልገውን ነገር ስታሳየው ዓይኑ እንዴት እንደሚደክም!

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ግን ከእርስዎ ሱቅ ቢገዛ ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር?»

«ከእኔ ሱቅ ቢገዛ ኖሮ ሳይሸጥለት አየው ነበር።»

«እሱማ ሻጭ ሁሉ የሚለው ነው» አለች።

ማሙሽ ፎቶ አንስቶ ለሻጮቹ ላከ። መልሱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ እኔ ሱቅ ስልክ እንኳ በዚያ ፍጥነት አላነሳም። ጮክ ብሎ አነበበልን። «ውድ ደንበኛችን፣ የሚታየው የላይ ቀለም ጭረት ሲሆን በአጠቃቀም ላይ ችግር አያስከትልም። ዕቃ የሚመለሰው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ እስከ ሰባት ቀን ብቻ መሆኑን በትሕትና እናሳውቃለን።» ሰባት ቀን! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እኔን ላለማስቀየም ከቁም ሣጥን ጀርባ ሲደብቁት ቀኑ አለፈ። መጥተው «ውድ ሆነብን፣ ከሌላ ገዛን» ቢሉኝ ኖሮ አንድ ቀን አኩርፌ በማግስቱ ካርቶኑን እከፍትላቸው ነበር፤ ስንጥቁንም ያን ዕለት አገኝላቸው ነበር። የእኛ ቤት ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ይጠነቀቅልሻል፣ ይጠነቀቅልሻል፣ በመጨረሻ ገደል አፋፍ ላይ ያቆምሻል።

«በቃ፣ ጭረት ነው ብለዋል» አለ ማሙሽ። ድምፁ ቀለል አለ።

«ያላዩትን ዕቃ ምኑን ያውቁታል? እኔ እጄ ላይ ነው ያለው!»

«እነሱ በቀን ሺህ ብስክሌት ነው የሚሸጡት፣ እትዬ።»

«ማሙሽዬ፣ በሞቴ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ሸክሙ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ቢለቅህ በጥርስህ ነው የምትቆመው። ሹካ ብቻውን ይገዛል፤ እኔ ፈልጌ…»

«ስንት ነው?» አለች ሚስቱ።

ዋጋ የምጠራበት አፍ አጣሁ። ማንኛውንም ቁጥር ብናገር የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ይሆናል። ዝም ስል ደግሞ ዝምታዬን ራሱን እንደ ዋጋ ቆጠረችው መሰለኝ፤ ፈገግ አለች። ያኔ እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ በዚያ ሰው በምታስታርቅበት ድምፅ «አንቺም ተዪ እንግዲህ፤ ደስታውን አታበላሺበት። ወንድምሽ አይደል? ዝም ብለሽ ግጠሚለት» አለችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው። እናቴ ያመነችው ያንን መልእክት የላከውን፣ ፊቱን አይታው የማታውቀውን ሰው ነው። እኔ በዚህ እጄ ሃያ ሁለት ዓመት ብስክሌት ፈትቻለሁ፣ ገጥሜያለሁ፤ እሷን ያበላኋትም በዚሁ እጄ ነው።

«አልገጥምም» አልኩ።

«እሺ፣ አትጨነቂ» አለ ማሙሽ፤ ተቀይሟል፣ ግን ጨዋ ነው። «ገበያው ጋ በሁለት መቶ የሚገጥም ልጅ አለ አሉ። ነገ እወስደዋለሁ።»

እንደሚወስደው ዐወቅሁ። ልጁም እንደሚገጥመው ዐወቅሁ፤ ሁለት መቶውን ተቀብሎ ለምን ጥጥ ያስሳል? ማሙሽ ለሚስቱ የሆነ ነገር ሊያሳያት ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ተከትላው ሄደች። እናቴ የሻዩን ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። ሳሎኑ ውስጥ እኔና ብስክሌቷ ብቻ ቀረን። መሪውን የያዙትን ብሎኖች አላላሁና ሹካውን ስቤ አወጣሁት። መጀመሪያ ያሰብኩት ሣጥኔ ውስጥ ከትቼው ልሄድ ነበር፤ ቅዳሜ እስኪያልፍ። ግን ይመጣል፣ ይቀበለኛል፤ ማሙሽ ሲለምነኝ እምቢ ብዬው አላውቅም። ራሴን ስለማውቅ ነው መጋዙን ያወጣሁት። የብረት መጋዜ ሣጥኑ ሥር ነበረች። ሹካውን ጉልበቶቼ መሐል አጣብቄ መጋዙን አሳረፍኩ። ካርቦን ሲቆረጥ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አለው፤ ጥቁር አመድ ሱሪዬ ላይ ይበናል። ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ድምፁን ሰምተው ከበረንዳው ሮጠው ሲገቡ የግራው እግር ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።

ማሙሽ መጀመሪያ የሆነው አልገባውም፤ ጎንበስ ብሎ ቁራጩን አነሳና የሚገጠምበትን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው አገላበጠው። ሚስቱ ናት የጮኸችው። «ቅናት! ይሄ ቅናት አይደለም? ስድሳ አንድ ሺህ ብር እኮ ነው የቆረጥሽው! ከእኔ ሱቅ ካልገዛችሁ አትጋልቡም ነው አይደል? አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ!» ከስድስት ዓመት በኋላ ከአንቱ የወረደችው ያኔ ነው። «ስንጥቁን እዩ!» ብዬ ሹካውን ወደ መስኮቱ ይዤ ሮጥኩ፤ ላሳያቸው። ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። እጄ ተናዶ መጋዙን ያሳረፈው እዚያችው መስመር ላይ ነበር። አንድ ጣት ዝቅ ብዬ ቆርጬ ቢሆን ስንጥቁ ለማስረጃ ይተርፍ ነበር። አሁን ያለው በመጋዝ የተቆረጠ ሹካ ብቻ ነው። ሳንቲም ብታንኳኳ፣ ጥጥ ብታንሸራትት፣ የሚይዘው የመጋዝ ጥርስ የተወው ስንጥር ነው። እኔ ራሴ እንኳ ነገ ልጠራጠር እችላለሁ።

ማሙሽ አልጮኸም። ቁራጩን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «የምትፈልጊው ይሄ ከሆነ፣ እሺ» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ልጅ ሳለ የሚያለቅስበት ክፍል ነው። መፍቻዎቼን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ማንም አላገዘኝም፣ ማንም ውጪ አላለኝም። ጥቁሩን አመድ በእጄ ጠርጌ ልሰበስብ ስል የወንድሜ ሚስት «ተዪው» አለችኝ፤ ተውኩት።

እናቴ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው። ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ ነው ያደረገችው፤ ሳያት ልቤ ራራ። የመፍቻ ሣጥኔን እጀታ ከእኔ ጋር ይዛ አንድ ደረጃ ወረደችና ቆመች። በሹክሹክታ «እውነት ተሰንጥቆ ነበር?» አለችኝ።

«ነበር፣ እማዬ። ልጅሽ ሊሞትብሽ ነበር።»

ከታች የሆነ ሰው ባልዲ ይዞ ይወጣል፤ እስኪያልፈን ጠበቀችና እንግዳ የምትሸኝ እንድትመስል ፈገግ አለችለት። ሰውዬው ካለፈ በኋላ እጀታውን ለቀቀችልኝ።

«ከእንግዲህ ስትመጪ ቀድመሽ ደውዪልኝ» አለች። «እነሱ የሌሉበትን ቀን እነግርሻለሁ።»

«እሺ» አልኳት።